በራያ ቆላ ጎብኚ የሚቀበል የፈረስና የበቅሎ ጣቢያ አያያዝ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ መግለጫ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረሶችም ይገኙባታል። እነዚህ እንስሳት ጭነት ያጓጉዛሉ፣ ጋሪ ይጎትታሉ፣ ሰው ይሸከማሉ። ይሁን እንጂ እንደ በሬና እንደ ላም ብዙ ትምህርት አልተሰጠባቸውም። ስለሆነም ብዙውን ጊዜ ገበሬው ስለ ፈረስ የሚጠይቀው እንስሳው ታሞ ከተኛ በኋላ ነው።

በአሁኑ ጊዜ አንዳንድ ማኅበራት ለየት ያለ ጥያቄ ያቀርባሉ። ይኸውም በቆቦና በአካባቢው ፈረስና በቅሎ በአንድ ጣቢያ ሰብስቦ፣ ከነቤተሰባቸው ለሚመጡ ጎብኚዎች እያሳዩና እያስጋለቡ ገቢ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ይቻላል፣ ነገር ግን በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል የሚል ነው። አንደኛው፣ እንስሳቱ ጎብኚ ባይመጣም ሥራ ያላቸው መሆን አለባቸው። ሁለተኛው፣ ፈረስ የደጋ ከብት መሆኑን አውቆ የቆላውን ክረምት እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው። እነዚህን ሁለቱን ያልጠበቀ ማኅበር የአባላቱን ጥሪት በአንድ ክረምት ሊያጣ ይችላል። ይህ መግለጫ የተዘጋጀው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ለማኅበራቱ በሚገባ ለማስረዳት እንዲችሉ ነው።

2. ከሌሎች አካባቢዎች የሚገኝ ትምህርት

ጎብኚን በፈረስ ጣቢያ ማስተናገድ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ሜዳ ከብት አርቢዎች ከእ.ኤ.አ. 1880ዎቹ ጀምሮ የከተማ እንግዶችን በክፍያ ያሳድሩ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1886 እና 1887 መካከል የመጣው ከባድ ክረምት አብዛኛውን የከብት መንጋ ስለፈጀው፣ ብዙ አርቢዎች በእንግዳው ክፍያ ከውድቀት ድነዋል። በእ.ኤ.አ. 1926 የራሳቸውን ማኅበር እስከማቋቋም ደርሰዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እንግዳው የሚመጣው የሚሠራውን ፈረስ፣ የሚታለበውን ላም፣ የሚታጨደውን ሣር ለማየት መሆኑ ነው። የእርሻው ሥራ ቀድሞ ነበር፤ እንግዳው በላዩ ላይ ተጨመረ።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌዎች አሉ። በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ገጽ፣ በዶዶላና በአዳባ አካባቢ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን በየተራ እያቀረቡ ጎብኚን ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ሲያደርሱ ቆይተዋል። በላሊበላም ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን አቀበት ብዙ እንግዳ የሚወጣው በበቅሎ ነው። በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመሩት የማኅበረሰብ እንግዳ ማረፊያዎች ደግሞ ጎብኚው በእግሩ ሲጓዝ ጓዙን የሚጭነው አህያ ነበር። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ከሩቅ ቦታ ተመልካች ይስባል። አዲስ አበባ ላይም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ፈረስ መጋለብ ከመዝናኛዎቹ አንዱ ሆኗል።

እነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ደጋ ወይም ወይና ደጋ ናቸው። የቆቦ ሜዳ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በመሆኑም የዶዶላን ወይም የእንጦጦን አሠራር እንዳለ ወደ ቆቦ ማምጣት አይቻልም።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ቆቦንና አካባቢውን በቀጥታ ጎድቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም ተጨምሮ የጎብኚው ቁጥር እጅግ ቀንሷል። ጎብኚ የሚመጣው ሰላም ሲኖር ነው፤ ፈረስ ግን በየቀኑ ይበላል። ስለዚህ ማኅበሩ እንስሳቱን ሲገዛ በመጀመሪያ በጋሪ፣ በውሃ ማመላለስና በምርት ማጓጓዝ ወጪያቸውን የሚሸፍኑ መሆናቸውን ማስላት ይኖርበታል። የጎብኚው ገቢ ትርፍ ተብሎ ይያዝ።

3. ቆላው ፈረስን ለምን ይጎዳል?

የራያ ቆላ በምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ በምዕራብ በግዳንና በላስታ ደጋ የታጠረ ሜዳ ነው። ጎሊናን፣ ሆርማትንና አላውሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው ወርደው ያጠጡታል። ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል። አፈሩ ለም፣ ማሽላውና ጤፉ የታወቀ ነው። ፈረስ ግን በዚህ ሜዳ ሦስት ጠላቶች አሉት።

ሀ) ሙቀት። ፈረስ ሲሠራ ሙቀቱን የሚያስወጣው በብዛት በማላብ ነው። ከላቡም ጋር ብዙ ጨው ይወጣል። በቀትር የተጋለበ ፈረስ ውሃና ጨው ካላገኘ ይደክማል፣ አንጀቱም ሊታሰር ይችላል።

ለ) የግመል ሱራ። ትራይፓኖሶማ በተባለ የደም ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚነክሱ ትልልቅ ዝንቦች ከግመል ወደ ፈረስ ያስተላልፉታል። ግመሉ ለብዙ ጊዜ ተሸክሞት ሊቆይ ይችላል፤ ፈረስ ግን ካልታከመ ይሞታል። ስለሆነም ፈረስና ግመል በአንድ በረት ማሳደር አይገባም።

ሐ) የአፍሪካ የፈረስ በሽታ። ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ከዚህ በታች ለብቻው ተብራርቷል።

4. የአፍሪካ የፈረስ በሽታ

4.1 መንስኤውና መተላለፊያው

በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነቶች አሉት። አንዱ ፈረስ ሌላውን በመንካት አያስይዘውም። የምታስተላልፈው ኩሊኮይድስ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ፀሐይ ከመጥለቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ነው። የምትራባውም ፋንድያና እበት በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። በመስኖ ቦይ ዳር የሚተኛ ጭቃ፣ ከውሃ ማጠጫ ገንዳ የሚፈስ ውሃ፣ በበረት አጠገብ የተቆለለ ፋንድያ ሁሉ ለእርሷ ምቹ ነው። በክረምቱ ማብቂያ፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ ቁጥሯ ስለሚበዛ በሽታውም በዚያ ጊዜ ይበረታል።

4.2 ምልክቶቹ

በአብዛኛው እንስሳው ከተነከሰ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምልክት ይታያል። መጀመሪያ ትኩሳት ይነሳል። ከዚያም በሽታው ከሚከተሉት በአንዱ ወይም በሁለቱም መልክ ይገለጻል።

ሀ) የሳንባ ዓይነት፦ ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ፣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ በጭንቅ ይተነፍሳል፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወርዳል። ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ በዚህ ዓይነት የተያዙት ይሞታሉ፤ ሞቱም በሰዓታት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ለ) የልብ ዓይነት፦ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፤ እብጠቱ ወደ ቅንድብ፣ ወደ ከንፈር፣ ወደ አንገትና ወደ ደረት ይወርዳል። ከተያዙት ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሞታሉ።

በቅሎ ከፈረስ የተሻለ ትቋቋመዋለች፤ ይሁንና ከታመሙት በቅሎዎች እስከ ግማሽ ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ። አህያ አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ትኩሳት ታልፋለች። ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒት የለውም።

4.3 መከላከያው

ሀ) ክትባት፦ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት ተቋም የሚያዘጋጀው ክትባት በቁጥር 9 ቫይረስ ላይ የተመሠረተ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘውም ይኸው ዓይነት ነው። ክትባቱ ዝናብ ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ማለትም እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ፣ በየዓመቱ መሰጠት ይኖርበታል። ሆኖም ሌሎች ዓይነቶችም በአገራችን የተገኙ ስለሆነ፣ የተከተበ ፈረስ ፈጽሞ አይታመምም ተብሎ መታሰብ የለበትም።

ለ) በጊዜ ወደ ጋጣ ማስገባት፦ እንስሳቱ ከምሽቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ በተዘጋ ጋጣ ውስጥ ይቆዩ። መስኮቱና በሩ በወንፊት መረብ ይሸፈን። የወባ አጎበር ቀዳዳው ለዚች ትንኝ ሰፊ ስለሆነ በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ መሆን አለበት። መረብ ካልተገኘ በምሽት ከነፋሱ በኩል ደረቅ እበት ማጨስ ጥቂት ይረዳል።

ሐ) የጋጣው ሥፍራ፦ ነፋስ በሚያገኘው ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ፣ ከመስኖ ቦይና ከውሃ መፍሰሻ ርቆ ይሠራ። ፋንድያው በየቀኑ እየተጠረገ ራቅ ባለ ጉድጓድ ተከድኖ ይብሰል፤ ኋላ ለማሳ ማዳበሪያ ያገለግላል።

መ) ትኩሳት መለካት፦ ከሐምሌ እስከ ኅዳር በየጠዋቱ የእያንዳንዱ እንስሳ ሙቀት ይለካ። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ባረፈበት ጊዜ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። 39 ከደረሰ እንስሳው ለብቻው በተዘጋ ጋጣ ይግባ፣ ከማንኛውም ሥራ ይረፍ፣ ለእንስሳት ሐኪምም ወዲያው ይነገር።

ሠ) የሞተ እንስሳ ተቆፍሮ ይቀበር። ሥጋውን የበላ ውሻ በበሽታው ሊያዝ ይችላልና ለውሻ አይሰጥ።

5. የትኛው እንስሳ ለየትኛው ሥራ?

ከላይ የተጠቀሰው እንደሚያሳየው፣ ለቆቦ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚስማሙት በቅደም ተከተል አህያ፣ ከዚያም በቅሎ ናቸው። ግመልም ለሙቀቱ የተፈጠረ ነው፤ ጎብኚውም በደስታ ያየዋል። ፈረስ ግን የበጋ እንግዳ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራት የምንመክረው በደጋና በቆላ ተከፍሎ የሚሠራ አሠራር ነው። ይኸውም ባዝራዎቹና ግልገሎቹ በግዳን ወይም በላስታ ደጋ ከሚገኙ አባላት ወይም ተባባሪ ማኅበራት ዘንድ ይቀመጣሉ። በዚያ ገብስና ሣር አለ፤ ብርዱም ትንኟን ያሳንሳታል። ለቆላው የሚያስፈልጉት በቅሎዎችም የሚወለዱት በዚያው ነው። በቅሎ ባዝራ ፈረስ ከወንዴ አህያ የምትወልዳት ስትሆን ራሷ አትወልድም። በመሆኑም በቅሎ የሚፈልግ ሁሉ በመጨረሻ የደጋውን ባዝራ መፈለጉ አይቀርም። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ገደማ ስለሆነና በቅሎዋም 3 ዓመት ሳይሞላት መጫን ስለማይገባት፣ ዛሬ የታቀደ በቅሎ ለሥራ የሚደርሰው ከ4 ዓመት በኋላ መሆኑ ይታወቅ።

በዚህ አሠራር የዓመቱ ፕሮግራም የሚከተለውን ይመስላል፦

ሀ) ሚያዝያና ግንቦት፦ ክትባት፣ የኮቴና የጥርስ ምርመራ።

ለ) ሰኔ፦ ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት ፈረሶቹ ወደ ደጋ ይወጣሉ። በሽታው ከታየ በኋላ ማንቀሳቀስ ግን ተሕዋሱን ይዞ መሄድ ስለሆነ አይፈቀድም። ደጋውም ከበሽታው ፈጽሞ ነፃ ስላልሆነ፣ በዚያም ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባቱ ይቀጥል።

ሐ) ከሐምሌ እስከ ኅዳር፦ በቆላው የሚሠሩት አህዮችና በቅሎዎች ብቻ ናቸው። በነሐሴ አጋማሽ የሚከበረው የሶለል በዓል እንግዳ የሚበዛበት ቢሆንም፣ በትንኟ ወቅት ላይ የሚውል ነውና ለዚህ በዓል ብሎ ፈረስ ማውረድ አይገባም። በበዓሉ የተሸለመች በቅሎ ማቅረብ ይበቃል።

መ) ታኅሣሥ፦ ፈረሶቹ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። የገናና የጥምቀት በዓል እንግዳ ወደ ላሊበላ የሚጓዘው በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ የጤናውና የገበያው ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ።

6. መኖና ውሃ

6.1 መጠን

ፈረስ በቀን የክብደቱን ከመቶ 2 እስከ 2.5 የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። 215 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4.3 እስከ 5.4 ኪሎ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የጤፍ ጭድና ደረቅ ሣር ዋናው መኖ ይሁን። በመስኖ የለማ አልፋልፋ ካለ ጠውልጎ 1 ኪሎ ያህል ይጨመርለት። ሥራ በሚበዛበት ቀን ከ1 ኪሎ ያልበለጠ የተከካ ገብስ ወይም ማሽላ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጠው። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ስለሆነና ማስመለስም ስለማይችል፣ ብዙ እህል በአንድ ጊዜ መስጠት ሆዱን አሳምሞ ሊገድለው ይችላል። አዲስ መኖም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይለመድ። አሞሌ ጨው ምንጊዜም ከአጠገቡ አይጥፋ።

የሚጠጣው ውሃ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ሲሆን፣ በሙቀት ሲሠራ ወደ 40 ሊትር ሊደርስ ይችላል።

6.2 ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው መኖዎች

የራያ ገበሬ ከብቱን የሚያኖረው በማሽላ አገዳ ነው። ለፈረስ ግን የሚከተለው ልዩነት ይጠበቅ።

ሀ) ለምለም ማሽላ፦ ቡቃያ፣ በድርቅ የቀጨጨ፣ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ ማሽላ መርዛማ አሲድ ያመነጫል። በሬን በአንድ ቀን የሚገድለው ይኸው ነው። ፈረስ ደግሞ ለሳምንታት ሲግጠው ፊኛው ይታመማል፣ ሽንቱ ይንጠባጠባል፣ የኋላ እግሮቹ ይወላከፋሉ፤ ከዚህም በኋላ የሚያገግመው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ፈረስ በማሽላ ቃርሚያ ላይ ቆጥቋጦው ሳለ አይሰማራ። በደንብ የደረቀ አገዳ ተከትፎ ከሌላ ጭድ ጋር ቢሰጥ አይጎዳም።

ለ) የሻገተ በቆሎ፦ ለሰው የማይሆን በቆሎ ለከብት ይሆናል የሚል ልማድ አለ። ይህ ለፈረስ ፈጽሞ አይሠራም። በሻገተ በቆሎ ላይ የሚበቅል ፈንገስ የሚያመነጨው መርዝ የፈረስን አንጎል ያበሰብሳል፤ እንስሳው ዙሪያውን እየዞረ፣ ግድግዳ እየገፋ ይሞታል። ማዳኛ የለውም።

ሐ) ለዶሮ ወይም ለማድለቢያ የተዘጋጀ የፋብሪካ መኖ፦ ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ዶሮንና በሬን የሚጠቅመው መጠን የፈረስን ልብ ያቆማል። ሦስቱን መኖዎች በአንድ መጋዘን የሚያስቀምጥ ማኅበር በየጆንያው ላይ ምልክት ያድርግ።

7. ጭነትና ኮርቻ

የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው። ሚዛን በሌለበት ክብደቱን በሜትር ገመድ መገመት ይቻላል። በመጀመሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለው የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ይለካ። ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለው ርዝመት ይለካ። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለ11,880 ሲካፈል የፈረሱ ክብደት በኪሎ ይገኛል።

ምሳሌ፦ የደረት ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ፣

140 × 140 × 130 ÷ 11,880 = 215 ኪሎ ገደማ።

አንድ ፈረስ ሳይጎዳ የሚሸከመው ኮርቻውን ጨምሮ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ይህ ለተጠቀሰው ፈረስ 43 ኪሎ ይሆናል። በለጥ ያለ ሜዳ፣ በእርምጃ ብቻና ለአጭር ጊዜ ሲሆን እስከ አንድ አራተኛ፣ ማለትም እስከ 54 ኪሎ ድረስ ሊታለፍ ይችላል። ከዚያ በላይ አይፈቀድ። እንግዲህ 80 ኪሎ የሚመዝን እንግዳ በዚህ ፈረስ ላይ መውጣት የለበትም፤ ምንም ያህል ቢከፍል።

ታዲያ ትልልቆቹ እንግዶች ምን ያድርጉ? መፍትሔው በሜዳው ውስጥ አለ። ፈረስ ከሚሸከመው ይልቅ የሚጎትተው እጅግ ይበልጣል። በደረቅና ለጥ ባለ መንገድ ጋሪውን ጨምሮ የክብደቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይጎትታል፤ ይህም ለዚሁ ፈረስ 320 ኪሎ ገደማ ነው። 120 ኪሎ የሚመዝን ባለ ጎማ ጋሪ ከነነጂውና ከሁለት እንግዶች ጋር በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል። በመሆኑም በቆቦ ሜዳ ልጆቹ በኮርቻ፣ ወላጆቹ በጋሪ ቢሄዱ ለእንስሳውም ለእንግዳውም ይመቻል። ጋሪው እንግዳ በሌለበት ቀን እህልና ውሃ ይጭናል።

ኮርቻው የጀርባን አጥንት እንዳይነካ ሆኖ ይሠራ፤ ከሥሩም ንጹሕና ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ። ቁስል ያለበት እንስሳ እስኪድን ድረስ አይጫን። ኮርቻ፣ ልጓምና ማበጠሪያ ከፈረስ ፈረስ አይዘዋወር። በተለይም በእግር ወይም በአንገት ላይ በመስመር የተሰካኩ፣ መግል የሚያወጡ እብጠቶች የሚታዩበት ፈረስ ከሌሎቹ ይለይ። ይህ በፈንገስ የሚመጣ የሊምፍ ቧንቧ በሽታ በጋሪ ፈረሶች ላይ የተለመደ ሲሆን፣ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። ኮቴው ከሥራ በፊትና በኋላ ይጠረግ።

የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ይሁን። በቀትር ሙቀቱ፣ በምሽት ትንኟ ይከለክላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ በፈረስ ላይ ሆኖ ለማየት የሚፈልግ እንግዳ በእግሩ እንዲሄድ በትሕትና ይነገረው።

8. ጎብኚው ሲመጣ

ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ኪሎ ሜትር መጋለብ አይፈልግም። የሚፈልገው ልጆቹ እንስሳውን እንዲያዩ፣ እንዲዳስሱ፣ እንዲማሩ ነው። ስለሆነም ጉብኝቱ ከጋጣው ይጀምር። ባልደራሱ ፈረሱን ሲያበጥር፣ ኮቴ ሲጠርግ፣ ገብስ ሲሰፍር፣ ሙቀት ሲለካ እንግዳው ይመልከት። ልጆች ውሃ ቢቀዱ፣ ጭድ ቢያቀርቡ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ጋሪው በማሽላው ማሳ ዳር፣ በመስኖው አትክልት ቦታ በኩል ዞሮ ይመለስ።

ለእንግዳው አስቀድመው የሚነገሩ ደንቦች፦

ሀ) ወደ ፈረስ በግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ መቅረብ፤ ከኋላው ፈጽሞ አለመቆም።

ለ) ምግብ ሲሰጥ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ማድረግ። ባልደራሱ ያልፈቀደው ምንም ነገር አይሰጥ።

ሐ) እያንዳንዱ ልጅ የራስ ቁር አድርጎ፣ አንድ ሰው መሳቢያ ገመዱን ይዞ፣ ሌላው ከጎኑ እየሄደ ብቻ ይቀመጥ። ግልቢያ አይፈቀድም።

መ) እርካቡ ሰፊ ይሁን፤ እግር ገብቶ እንዳይጠመድ ተረከዝ ያለው ጫማ ይመረጥ።

ሠ) ለልጆች የሚቀርበው እንስሳ ስንጋ ወይም በዕድሜ የበሰለች በቅሎ ይሁን። ድንጉላ ፈረስ ለእንግዳ አይቀርብም።

መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሕዋስ በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የጋጣው ሠራተኞች ሁሉ የቴታነስ ክትባት ይውሰዱ፤ ትንሽም ቁስል በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ውሻ የነከሰው እንስሳ ከእንግዳ ርቆ ይጠበቅ።

9. የማኅበሩ አሠራር

ሀ) እንስሳቱ በተራ ይሥሩ፤ ተራው በመዝገብ ይጻፍ። ከተከታታይ 5 የሥራ ቀን በኋላ 1 ቀን ማረፍ አለባቸው።

ለ) ለእያንዳንዱ እንስሳ የክትባት ቀን፣ የሙቀት ልክ፣ የሥራ ሰዓትና የተጫነው ክብደት የሚጻፍበት ካርድ ይኑር። የልማት ጣቢያው ሠራተኛ በየወሩ ይመልከተው።

ሐ) ከእያንዳንዱ ገቢ ላይ የተወሰነው ለምትክ መግዣ ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ። እንስሳ የሞተበት አባል ከዚህ ይረዳል። ይህ ገንዘብ ከሌለ፣ የታመመ ፈረስ ያለው አባል ዕዳ በመፍራት ደብቆ ያሠራዋል፤ በሽታውንም ሳይታወቅ ያቆየዋል።

መ) የደጋው ተባባሪ የድርሻውን ያግኝ። ክረምቱን ፈረስ የሚጠብቅ ገበሬ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የግልገሉም ተካፋይ ቢሆን ባዝራዋን እንደ ራሱ ይይዛታል።

10. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ በራያ ቆላ ጎብኚ የሚቀበል የፈረስ ጣቢያ ሊቆም የሚችለው በአምስት ነገሮች ነው። እነርሱም እንግዳ ባይኖርም ሥራ ያለው እንስሳ መያዝ፣ ፈረስን በሰኔ አውጥቶ በታኅሣሥ ማውረድ፣ በግንቦት አጋማሽ ክትባትን ማጠናቀቅ፣ ለምለም ማሽላንና የሻገተ በቆሎን መከልከል፣ ክብደት ሳይሰላ ሰው አለመጫን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ግን በየዕለቱ የሚከታተል ሰው ይጠይቃሉ።

ጣቢያ ለማቋቋም ያሰበ ማኅበር በሁለት በቅሎና በአንድ ጋሪ ጀምሮ፣ አንድ ሙሉ ዓመት ወጪና ገቢውን መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ ፈረስ ቢጨምር ይሻላል እንላለን። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ፈረስ ለመግዛት የሚቀርብ የብድር ጥያቄ ሲደርሳቸው፣ እንስሳው ክረምቱን የት እንደሚያሳልፍ በቅድሚያ ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ማኅበር ግዢውን ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይጠቀማል።